መስማት የተሳነው ልጅ ከማን ጋር ይማር?

አካል ጉዳተኛ ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ተነጥሎ መማር የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነት የሰጠኝ የተቃራኒውን ውጤት ማየቴ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ፣ «ለእሱ ደግሞ ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የተባለለት ልጅ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ሳላማንካ የተሰበሰቡት መንግሥታት መደበኛው ትምህርት ቤት በሩን ለሁሉም ልጅ ይክፈት ማለታቸው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት ማጽደቋ ትክክል ነበር። አካቶ ትምህርት የምንለውን በመርሁ አልጠራጠረውም።

የምጠራጠረው መስማት የተሳነውን ልጅ ሳስብ ነው።

ማየት ከተሳናት ልጅ ልጀምር። የትነበርሽ ንጉሤ ዓይኗን ያጣችው በአምስት ዓመቷ ነው። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥታ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተቀመጠች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ይህ መንገድ እንዴት ሊሠራ ቻለ? በክፍሉ የሚነገረው ቋንቋ የእሷም ቋንቋ ስለሆነ ይመስለኛል። መምህሩ ሲናገር ትሰማለች፤ ጓደኛዋ ሲቀልድ ትስቃለች። የሚጎድላት መጽሐፉና ሰሌዳው ላይ ያለው ነው፤ እሱን ብሬልና የሚያነብላት ሰው ሊሞሉት ይችላሉ።

መስማት የተሳነው ልጅ ግን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቋንቋው ራሱ ክፍሉ ውስጥ የለም። ከንፈር እያየ ይከታተላል የሚሉ አሉ። እስቲ መስታወት ፊት ቆመን ድምፅ ሳናወጣ «በራ» እና «መራ» እንበል፤ ከንፈራችን አንድ ነው። «ቀባ» እና «ገባ» ብንልም ልዩነቱ ጉሮሮና ላንቃ አካባቢ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። በዚያ ላይ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ይጽፋል፣ እየጻፈም ይናገራል። ልጁ ከጎኑ ያለውን ልጅ ደብተር ይገለብጣል፤ ጽሑፉ ያምራል፣ ዓመቱም ያልፋል።

አስተርጓሚ ይመደብለት ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን አስተርጓሚው ወደ የትኛው ቋንቋ ነው የሚተረጉምለት? መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙና ከዚያም በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ልጁ ከቤት ይዞት የሚመጣው «ውሃ»፣ «ና»፣ «ተኛ» የሚሉ ጥቂት የቤት ምልክቶችን ነው። የምልክት ቋንቋ ገና አልደረሰውም። ሌላው ልጅ ከእናቱ አፍ የሚያገኘውን እሱ ትምህርት ቤት ነው የሚያገኘው፤ እዚያ ካላገኘው ደግሞ የትም ላያገኘው ይችላል።

ታዲያ ከማን ያገኘዋል? እዚህ ላይ የኒካራጓው ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማናጓ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። መምህራኑ የሚደክሙት ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ለማስተማር ነበር፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ ከየቤታቸው ያመጧቸውን ምልክቶች እየቀላቀሉ የራሳቸው ሰዋስው ያለው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ወስደው ይበልጥ አበለጸጉት። እነዚያ ልጆች አንድ በአንድ በየሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተበትነው ቢሆን ኖሮ ይህ ቋንቋ ባልተወለደ ነበር።

የእኛም የምልክት ቋንቋ የኖረው መስማት የተሳናቸው ሰዎች በተገናኙበት ነው። ፊደላችን በእጅ ሲጻፍ ማየት ደስ ይላል፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ይህን የሠለጠነ መምህር ብቻውን ሊያስተምር ይችላል። ማሾፍን፣ መጨቃጨቅን፣ ምስጢር መንገርን፣ ይቅርታ መጠየቅን ግን ልጅ ከልጅ ነው የሚማረው።

እንግዲህ ልዩ ትምህርት ቤት ይሻላል ልል ነው? እዚህም ልቤ አይረጋም። ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም ያሉት ከተማ ነው። አዳሪ የሆነ ልጅ ለክረምት ሲመለስ በትምህርት ቤቱ የተፈታው አንደበቱ ቤቱ ውስጥ ይታሰራል፤ እናቱ ቋንቋውን አታውቅም። የሰፈሩ ልጆችም ሳያውቁት ያድጋሉ።

ደግሞም በጎ ሐሳብ ብቻውን አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች፣ ትምህርቱ በንግግር እንጂ በምልክት አይሁን ብለው ወሰኑ። ያሰቡት ልጆቹን ከሚናገረው ዓለም ጋር ለመቀላቀል ነበር። ውጤቱ በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ለአሥርት ዓመታት ከክፍል መባረሩ ሆነ። ስለዚህ ዛሬም «ይቀላቀሉ» ሲባል ስሰማ በየትኛው ቋንቋ ብዬ እጠይቃለሁ። ያጸደቅነው ስምምነትም በ24ኛው አንቀጽ የምልክት ቋንቋ ትምህርት እንዲመቻች፣ ቋንቋውን የሚችሉ መምህራን፣ አካል ጉዳተኞችም ጭምር፣ እንዲቀጠሩ ያዛል። ልጁን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ይህን ግዴታ አያሟላም።

አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። በየወረዳው መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት ይሰብሰቡ፤ አንድ ልጅ ብቻውን አይመደብ። ከመምህራኑ መካከል ራሱ መስማት የተሳነው ሰው ይኑር። የሚሰሙት ተማሪዎችም ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ምልክት ይማሩ፣ ወላጆችም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በልዩ ክፍል አብረው የጀመሩ ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያለ አስተርጓሚ መደበኛው ክፍል ውስጥ መጨመራቸው ነው። ቋንቋ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ነው።

የሚቀረኝ ርቀቱ ነው። ወረዳው ሰፊ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ያንን መንገድ በየቀኑ አይሄደውም። ዘመድ ቤት ይቀመጥ ብል ከእናቱ ሊለይ ነው፤ እናቱ ጋ ይቆይ ብል ቋንቋ የሚገባበት ዕድሜ ያልፈዋል። ምናልባት መስማት የተሳነውን መምህር ወደ ቤቱ መላክ ይቻል ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከእናቱ ጋር አብሮ እንዲማር። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ወጪ የሚያወጣ ወረዳ ይኖር እንደሆነ ግን ገና መልስ አላገኘሁለትም።