አልሰማሁም ያለ ምስክር ይሆናልን?

ሰው ለምስክርነት የሚጠራው ያየውንና የሰማውን ይናገር ዘንድ ነው፤ ያላየና ያልሰማስ ምን ይመሰክራል? ብዙዎች እንዲህ ያለውን ሰው ለማሰናበት ይቸኩላሉ። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ አሳቤን ያስለወጠኝ የከዋክብት ነገር ነው።

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ እኛ በጾመ ፍልሰታ ሳለን፥ ኒውትሮን ኮከብ ከሚባሉት ሁለቱ ተጋጭተው ሲዋሐዱ ያስነሡት የስበት ሞገድ ወደ ምድር ደረሰ። ኒውትሮን ኮከብ የታላቅ ኮከብ ሬሳ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ፀሐይን የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ነው። ግጭቱ የሆነው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚያህል ርቀት ነው።

ሞገዱን የሚጠባበቁ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ፤ ሁለቱ በአሜሪካ በሐንፎርድና በሊቪንግስተን፥ ሦስተኛው ቪርጎ የተባለው በኢጣልያ በፒሳ ከተማ አጠገብ። የሐንፎርዱ አጥርቶ ሰማ። የሊቪንግስተኑም ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን የገዛ ራሱ ጫጫታ በዚያው ጊዜ ስለ ገባበት ሊቃውንቱ አንዱን ከሌላው ለመለየት ደከሙ። (ስንቱ ምስክር እንዲህ ነው!) ቪርጎ ግን ምንም አልሰማም ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ ዝም አለ።

ታዲያ ዝምታው ከንቱ ነበርን? አይደለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ከአንዳንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ሞገድ ለመስማት ይሳነዋል፤ እንግዲህ ሌሎቹ የሰሙትን ቪርጎ ካልሰማ፥ ሞገዱ የመጣው እርሱ ከሚሳነው አቅጣጫ ነው ማለት ነው። በዚህም የሚፈለገው የሰማይ ክፍል እጅግ ጠበበ፤ ከሰዓታት በኋላም በቺሊ አገር በተተከለ መነጽር አዲስ ብርሃን ታየ፤ ከብርሃኑም እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ማዕድናት ከእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚገኙ ምልክት ተገኘ።

ነገር ግን ያንቀላፋ ዘበኛ ዝምታና የነቃ ዘበኛ ዝምታ አንድ አይደለም። ቪርጎ የታመነው፥ ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ሞገድ ከሁለቱ ጋር አብሮ ሰምቶ ስለ ነበረ ነው። ጆሮውን ደፍኖ «አልሰማሁም» የሚል ሐሰተኛ ነው፤ ነቅቶ ሳለ ባልንጀራውን ለማስደሰት «ሰማሁ» የሚልም እንዲሁ።

ከብዙ ዘመን በፊት በሽምግልና ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ ሰው «በሌሊት ከደጄ ቆሞ እየጮኸ ዛተብኝ» ብሎ ጎረቤቱን ከሰሰ። በአጥር የምትዋሰነው አንዲት ሴት ቀርባ «እኔ ምንም አልሰማሁም» ብትል፥ «የሰማ ይናገር፤ ያልሰማ ይቀመጥ» ብዬ አስቀመጥኋት፤ ተከሳሹም ካሣ ከፈለ። በዚያች ሌሊት ልጇ ታሞባት እስኪነጋ ድረስ ዓይኗን እንዳልከደነች የተነገረኝ ፍርዱ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለቱም ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እርሷን ግን በቅዳሴ ጊዜ አያታለሁ።