ከአራስ ቤት የሚጀምር ትምህርት

አራስ ቤት ነው። ገንፎው ቀርቧል፤ ጎረቤት ተራ በተራ እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ሦስት ቀን የሆነው ሕፃን ተጠቅልሎ ከእናቱ ጎን ተኝቷል። ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ አንዷ ጠያቂ ጎንበስ ብላ ልታጫውተው ትጀምራለች። ሌላዋ ታቋርጣታለች፦ «ተይው፣ ገና ምን ያውቃል?»

ይህን የሚሉት ሕፃኑን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ምንም አያውቅም የተባለው ልጅ በዚያች ሰዓት እናቱን ከሌላ ሴት በድምፅዋ ብቻ ይለያታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አንቶኒ ዲካስፐርና ዊሊያም ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት ወተት የሌለው የጡጦ ጫፍ ሰጥተው አጠባባቸውን ተከታተሉ። ሕፃኑ በአንድ ዓይነት ምት ሲጠባ የእናቱ ድምፅ ይሰማዋል፤ ምቱን ሲለውጥ የሌላ ሴት ድምፅ ይመጣል። ሕፃናቱ ብዙም ሳይቆዩ እናታቸውን የሚያሰማቸውን አጠባብ መረጡ። በ2009 ደግሞ በጀርመን የካትሊን ቬርምከ የጥናት ቡድን የ60 አራስ ሕፃናትን ለቅሶ ቀርጾ አነጻጸረ። ግማሾቹ የፈረንሳይኛ፣ ግማሾቹ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ልጆች ነበሩ። የፈረንሳዮቹ ለቅሶ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጀርመኖቹ ከላይ ጀምሮ ይወርዳል። ሁለቱም የወላጆቻቸውን ቋንቋ ዜማ ከማህፀን ይዘው ወጥተዋል።

እንግዲህ አዲስ ወላጅ ከሁሉ በፊት ሊገነዘበው የሚገባ ነገር ይህ ነው፦ ሕፃኑ ትምህርቱን የጀመረው ሳይወለድ ነው፤ የሚማረውም ከሚንከባከበው ሰው ነው። ለዚህ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አያስፈልግም። የሚፈለገው ፊት፣ ድምፅ፣ እጅ፣ ከዚያም የሕፃኑን መልስ የሚጠብቅ ትዕግሥት ነው።

ከፊት ይጀመር። አዲስ የተወለደ ልጅ ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው። ይህ ርቀት ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ አሻንጉሊት ከማወዛወዝ ይልቅ ፊትን ጠጋ አድርጎ ማሳየት ይሻላል። ድፍን ጨለማ የሆነ አራስ ቤት ይህን ያሳጣዋል፤ ቀን ቀን መጋረጃው ገለጥ ይበል፣ የከሰልና የማገዶ ጭስም ከክፍሉ ይውጣ።

የሚያየው ፊት በልጁ አእምሮ ላይ አሻራ እንደሚተው ያሳየ፣ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት አለ። ያይር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙት ነው። የሦስት ወር ሕፃናት የነጭና የጥቁር ሰዎች ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ታያቸው። በእስራኤል ያሉት ነጭ ሕፃናት የነጮቹን፣ በኢትዮጵያ ያሉት ሕፃናት የጥቁሮቹን ፊት ረዘም አድርገው ተመለከቱ። ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ ሄደው በእስራኤል የተወለዱት፣ ሁለቱንም ዓይነት ፊት በየዕለቱ የሚያዩት ሕፃናት ግን አላዳሉም። በሦስት ወር ዕድሜ ዓይን የለመደውን መርጧል ማለት ነው።

ድምፅን በተመለከተ አያቶች ከጥንት ጀምሮ ትክክል ነበሩ። እሹሩሩ እያሉ ማወዛወዝ፣ ገላውን ሲያጥቡት «አሁን እጅህን፣ አሁን እግርህን» እያሉ ማውራት፣ ቃላቱን ጎተት፣ ድምፅን ቀጠን አድርጎ ማጫወት ሁሉ ለሕፃን ጆሮ የሚስማማ ነው። ወጣት አባቶች እንዲህ ማውራት ያሳፍራቸዋል። ማፈር የለባቸውም። አባት ዳይፐር ሲቀይር፣ ሲያስገሳ፣ በመስኮት በኩል ዛፍ ሲያሳይ የሚያደርገውን በቃል ይናገር፤ ልጁ ያን ድምፅም ይለምደዋል።

ከማውራቱ እኩል ግን ዝም ማለትም አለ። እናት አንድ ነገር ትበልና ትጠብቅ። ሕፃኑ አፉን ይከፍታል፣ እግሩን ያንፈራግጣል፣ «እኝ» ይላል፤ ያ ተራው ነው። እሷም ድምፁን ተቀብላ ትመልስለት። ይህ ቅብብል ሲቋረጥ ልጁ እንደሚያስተውለው የአሜሪካው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ አሳይቷል። እናቶች ልጃቸውን እያጫወቱ ሳለ በድንገት ፊታቸውን እንደ ድንጋይ አድርገው ዝም እንዲሉ ተነገራቸው። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን አወናጨፉ፣ እናታቸውን ለመመለስ ያላቸውን ሁሉ ሞከሩ። አልሆን ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ዛሬ ጡት እያጠባች ስልኳን የምታገላብጥ እናት ይህን ብታስታውስ መልካም ነው። ደክሟት አንዳንዴ ስልኳን ብታይ ልጇን አትጎዳውም። በቀን ውስጥ አንዳንዱን የማጥባት ጊዜ ግን ስልኩን ከእጅዋ አኑራ ትኩረቷን ለልጇ ትስጥ።

መቼ ይጫወቱት? የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ቤሪ ብራዘልተን በ1973 ባሳተመው የአራስ ሕፃናት መመዘኛ የሕፃኑን ሁኔታ በስድስት ይከፍለዋል፦ ከባድ እንቅልፍ፣ ቀላል እንቅልፍ፣ ማንጎላጀት፣ ጸጥ ያለ ንቃት፣ መቁነጥነጥና ለቅሶ። ለጨዋታ የሚሆነው አራተኛው ነው፤ ሰውነቱ ረግቶ ዓይኑ የሚያበራበት። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ጊዜ አጭር ነው። ሕፃኑ ፊቱን ሲያዞር፣ ሲያዛጋ፣ ጣቶቹን ሲዘረጋ «በቃኝ» ማለቱ ነውና ይተውት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያወቀውን የሚያጠናክርበት ጊዜ ነውና ለጨዋታ ብሎ ከእንቅልፉ መቀስቀስ አይገባም።

ሲያለቅስስ? «አታንሺው፣ እቅፍ ይለምድብሻል» የሚለው ምክር ብዙ ወጣት እናቶችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ በ1950ዎቹ በኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ካጠናች በኋላ በአሜሪካ ባልቲሞር 26 እናቶችን ከነልጆቻቸው ለአንድ ዓመት ተከታተለች። ከሲልቪያ ቤል ጋር በ1972 ባሳተመችው ጽሑፍ መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለለቅሷቸው ፈጥኖ መልስ ያገኙት ልጆች ዓመታቸው ላይ ሲደርሱ የሚያለቅሱት ያነሰ ነበር። ስለዚህ ይታቀፍ። ከስድስት ሳምንት ገደማ ለቅሶው እንደሚበረታና ከሦስት እስከ አራት ወር እየቀነሰ እንደሚሄድም ይታወቅ። ማባበሉ አልሆን ብሎ ንዴት የመጣበት ሰው ልጁን ለሌላ ሰው ይስጥ፣ ወይም በጀርባው አስተኝቶት ከክፍሉ ወጥቶ ይተንፍስ። ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ያደማል፤ በምንም ምክንያት አይደረግም።

ክብደቱ አንሶ ለተወለደ ልጅ እቅፍ መድኃኒትም ሆኗል። በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያ መሣሪያ ሲያንሰው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ እንዲታቀፉ አደረገ። «የካንጋሮ እንክብካቤ» የሚባለው ይህ ዘዴ በአዲስ አበባም ተፈትኗል፤ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ከ2,000 ግራም በታች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2005 አሳትመዋል። በእናት ደረት ላይ ቶሎ የታቀፉት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ነበር። ጤነኛ ሆኖ የተወለደውም ቢሆን በዚያው ደረት ላይ ይረጋጋል። አባትም ሸሚዙን ከፍቶ ሊታቀፈው ይችላል።

የአካሉ ነገር ሲነሳ ከባህሉ የሚያዘውና የሚተወው ይለይ። ገላውን በቅባት ቀስ አድርጎ ማሸት ይያዝ፤ አፍንጫና ራስ ማስተካከያ ብሎ መጫን፣ እጅና እግሩን መጎተት ይቅር። እንገሩ የመጀመሪያ ክትባቱ ነውና ታልቦ አይደፋ፤ ቅቤና ውኃ ማቅመስ፣ እንጥል ማስቆረጥም ይቅር። ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው ይሁን። በአሜሪካ ይህ ምክር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሰጥ የሕፃናት ድንገተኛ የእንቅልፍ ሞት በተከታዮቹ ዓመታት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ነቅቶ ሰው እያየው ግን በሆዱ ይደረግ፤ አንገቱና ትከሻው የሚጠነክረው እንደዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ 30 ደቂቃ እንዲሆን ይመክራል። ለአራስ ልጅ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ እናት በጀርባዋ ጋደም ብላ በደረቷ ላይ አስተኝታው ቢጀመር ይበቃል።

ፀሐይም አለች። ብርድና የሰው ዓይን ተፈርቶ ለወራት ቤት የሚዘጋበት ልጅ አጥንቱ ሊለሰልስ፣ መቀመጡና መሄዱ ሊዘገይ ይችላል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአጥንት መለስለስ የሳንባ ምች በያዛቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ በ13 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። በሞቃት ጠዋት ገላውን ገልጦ ለአጭር ጊዜ ማውጣት ቀላል ነገር ነው። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት የሚወልዱ እናቶች ግን ፀሐዩ አይበቃቸውምና በፀሐይ ፋንታ ስለሚሰጠው የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

በውጭ ለሚያሳድጉ ወላጆች ሌላም ምክር አለ። አንዳንዶቹ «በእንግሊዝኛ ካላናገርነው ግራ ይጋባል» ይላሉ፤ በአማርኛ ማናገርን ግን አይተዉ። ተመራማሪዎቹ ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት የስድስት ወር ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ የማይነገሩ ድምፆችን ሳይቀር ሲለዩ ዓመት ሲጠጋቸው ይህ ችሎታ ቀንሷል። ከተፈተኑት መካከል እንደ «ቀ» ጠበቅ ብለው የሚወጡ የካናዳ ነባር ሕዝብ ድምፆች ነበሩ። «ከ»ን ከ«ቀ»፣ «ተ»ን ከ«ጠ» የሚለይ ጆሮ መጠበቅ ያለበት በዚያው ዓመት ውስጥ ነው። በቪዲዮ አማርኛ ማስከፈት የወላጅን ንግግር አይተካውም። ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፅ የለመዱት አጠገባቸው ሆኖ ከሚያጫውታቸው ሰው ነበር፤ ያንኑ በቴሌቪዥን ያዩት ምንም አልተማሩም።

የ45 ቀን ክትባት ሲደርስ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት መርፌውን ብቻ አስወግታ አትመለስ። ልጇ በከባድ ድምፅ የማይደነግጥ፣ ፊቷን በዓይኑ የማይከተል፣ ገላው ልፍስፍስ ወይም ግትር ያለ ከሆነ ለነርሷ ትንገራት። ስለራሷም ትናገር። ከወለደች ወዲህ ዕንባ ዕንባ የሚላት፣ ልጇን ማየት የሚያስጠላት ከሆነ ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ያጫውተዋል። ፊቱን ሲያዞርና ማዛጋት ሲጀምር እናቱ ተቀብላ ወደ ጓዳ ትግባ። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ፊቷን አቅርባ ትጠብቀው። ትንሽ ቆይቶ ዞሮ ያያታል፤ ገና ፈገግ ብሎላት ካላወቀም የመጀመሪያዋ ፈገግታ ልትመጣ ትችላለች።