ነጥብ ወይስ ጭጋግ?

ሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩ ጋላክሲዎች በእርግጥ አንድ ዘለላ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? በአንድ አቅጣጫ ስለዋሉ ብቻ፣ በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት የተራራቁትም ጎረቤት ይመስላሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆርጅ አቤል እ.ኤ.አ. በ1958 ከ2,700 በላይ ዘለላዎች ሲመዘግብ የተማመነው ፎቶግራፍ ላይ ባየው መጠጋጋት ነውና ጥርጣሬዬ እሱንም ይነካዋል።

ኤክስሬይ ሌላ ምስክር ነው። በዘለላው ስበት የተያዘ ስስ ጋዝ በጋላክሲዎቹ መካከል ተንሰራፍቶ ይገኛል፤ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ ስለሚግል በኤክስሬይ ያበራል። ጋዙ በእጥፍ ሲታመቅ ድምቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በአጋጣሚ የተደራረቡ ጋላክሲዎች ደግሞ እንዲህ የታመቀ የጋራ ጋዝ የላቸውም።

ግን የሚያበራው የጋለ ጋዝ ነው ያለው ማን ነው? በ1970 ከኬንያ ጠረፍ የመጠቀችው ኡሁሩ ሳተላይት ጨረሩ ከዘለላዎች እንደሚመጣ አሳየች እንጂ ምንነቱን አልቋጨችም። ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት የሚከንፉ ኤሌክትሮኖችም ኤክስሬይ ያመነጫሉ። በ1976 አሪየል 5 የተባለች ሳተላይት ከፐርሲየስ ዘለላ የብረትን የኤክስሬይ መስመር አገኘች። አብዛኞቹን ኤሌክትሮኖቹን በግለት የተገፈፈ ብረት ነው ያን መስመር የሚያወጣው። እዚህ ላይ ልቤ አረፈ።

ሩቁ ግን ይከብዳል። ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 7314 የተባለውን ቅርብ ጋላክሲ ሲመለከት፣ በዚያው ምስል ጥግ አንዲት ደብዛዛ ጭጋግ ተቀርጻ ነበር። ነጥብ ብትሆን ኖሮ ጥቁር ጉድጓድ በታቀፈ የአንድ ጋላክሲ እምብርትነት ትጠረጠር ነበር፤ የተንሰራፋች መሆኗ ግን ዘለላን ጠቆመ። ይህ ለእኔ በቂ አይደለም፤ ለአግኚዎቿም አልበቃም። ቺሊ ባለው ቪኤልቲ ቴሌስኮፕ የ12 ጋላክሲዎችን ብርሃን ተንትነው ቀይ ሽግሽጋቸው (የርቀታቸው መለኪያ) ከ1.38 እስከ 1.40 ሆኖ አገኙት። በ2005 ይፋ የሆነው ይህ ዘለላ ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሁለት ምስክሮች ተስማሙ፤ አመንኩ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ወንፊቱ ራሱ ነው። የተንሰራፋውን አስቀርቶ ነጥቡን ሲጥል ምን አብሮ ይወድቃል? የፊኒክስ ዘለላ በኤክስሬይ እጅግ ከደመቁት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መሃሉ እንደ ነጥብ ስለሚያበራ በቀደሙት የኤክስሬይ አሰሳዎች ዘለላ ተብሎ አልተለየም፤ በ2010 የለየው የደቡብ ዋልታው ቴሌስኮፕ ነው፣ ያውም በማይክሮዌቭ። ከዚያ ወዲህ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ነጥብ ተብለው የታለፉ ምንጮችን መልሰው ፈትሸው ያልታወቁ ዘለላዎች አውጥተዋል። ስለዚህ አዲስ የዘለላዎች መዝገብ ሲወጣ እኔ አስቀድሜ ማየት የምፈልገው የተጣሉትን ነው።