ሽንፈቱን እያወቀ የሚዋጋ

ሽንፈቱ አስቀድሞ የተነገረው ለምን ይዋጋል? የጥንት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ይህን ጥያቄ በአማልክቶቻቸው ተረት ውስጥ አስቀምጠውታል። የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ጥበብ ፍለጋ አንድ ዓይኑን የሰጠ፣ ዘጠኝ ሌሊት በዛፍ ላይ የተሰቀለ ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም ካተረፈው እውቀት አንዱ ራግናሮክ በተባለው የመጨረሻ ጦርነት ፌንሪር የሚሉት ተኩላ እንደሚውጠው ነው። ልጁ ቶርም ምድርን የከበበውን እባብ ይገድላል፤ ነገር ግን ከመርዙ የተነሳ ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ተራምዶ ይወድቃል። ኦዲን ይህን እያወቀ በጦር ሜዳ የወደቁ ጀግኖችን በአዳራሹ እየሰበሰበ ለዚያች ቀን ያዘጋጃል። (ዕጣቸውን የማይለውጡ አማልክት አምላክነታቸው ምኑ ላይ ነው? የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፤ እዚህ አንገባበትም።)

ይህ ተረት ዛሬ ለብዙ ወጣት የሚደርሰው በመጽሐፍ ሳይሆን በቪዲዮ ጌም ነው። የሶኒ ኩባንያ የሆነው የሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጎድ ኦፍ ዋር»ን፣ በ2022 ደግሞ ተከታዩን «ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ»ን አወጣ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 5.1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። እንግዲህ ነገሩን «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ለመሆኑ ጌሙ ተረቱን ምን አደረገው? ባለታሪኩ ክራቶስ ከግሪክ የመጣ ነው። በቀደሙት ጌሞች ተታልሎ ሚስቱንና ልጁን የገደለ፣ በመጨረሻም አባቱን ዚየስን የገደለ ሰው፣ አሁን በሰሜን አገር ወንድ ልጅ እያሳደገ እናገኘዋለን። በድሮው ተረት ሰዎችን ከግዙፋኑ የሚጠብቀው ቶር እዚህ ሰካራምና የአባቱ መግደያ መሣሪያ ሆኗል። ኦዲንም አንደበቱ ለስላሳ፣ ተንኮለኛ፣ ከተነገረለት ሞት ለማምለጥ ማንንም የሚሠዋ ሽማግሌ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የባልደር ነገር ነው። በጥንቱ ተረት እናቱ ልጄን አትንኩብኝ ብላ ፍጥረትን ሁሉ ታስምላለች፤ ደቃቋን ተቀጽላ ግን ትዘላታለች፤ ልጁም በእርሷ ይሞታል። በጌሙ የእናቱ ድግምት ከሞት ይጠብቀዋል፤ ዳሩ ግን ስሜቱን ሁሉ ይወስድበታል። የምግብ ጣዕም የለ፣ ሙቀት የለ፣ ብርድ የለ። ሊሞት የማይችለው ልጅ እናቱን አምርሮ ይጠላታል። እኔ ይህን ተረቱን ማበላሸት አልለውም። የእናት ፍርሃት የልጅ እስር ቤት ሊሆን እንደሚችል የጥንቶቹ ተራኪዎች ጠቁመው ያለፉትን፣ የጌሙ ደራሲዎች እስከ መጨረሻው ተከትለውታል።

በሁለተኛው ጌም ክራቶስ ዕጣን ይጽፋሉ ወደሚባሉት ኖርኖች ይሄዳል። መልሳቸው ያልተጠበቀ ነው፦ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም፤ ሰዎች አይለወጡምና ምን እንደምታደርጉ ማወቅ ቀላል ነው ይሉታል። በዚህ አንድ ትዕይንት ዕጣ ከሰማይ ወርዶ የሰው ልማድ ውስጥ ገባ። ቁጣውን ለልጁ እንዳያወርስ የሚፈራ አባት ሊያስብበት የሚገባ ቁም ነገር ነው።

ይሁንና በዚህ ለውጥ የጠፋም ነገር አለ። ሞቱን እያወቀ የሚዘጋጀው ኦዲን፣ ሞቱን ሊሸሽ የሚቅበዘበዝ ኦዲን ሆነ። ምክንያቱ በከፊል የጌሙ ባሕርይ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ቢሞት ከሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ካለው ቦታ ይነሳል፤ እስኪያሸንፍ ይሞክራል። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ የቶር ዘጠኝ እርምጃ ምን ትርጉም ይኖረዋል? ትንቢቱ የግድ መሰበር አለበት፤ አለዚያ ያን ሁሉ ሰዓት ቁልፍ ሲጫን የሰነበተው ሰው ተታለልኩ ይላል።

ሙስሊም አንባቢ ነገሩን ከቀደር ትምህርት ያውቀዋል። ሁሉ በአላህ እውቀት ተጽፏል ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው እንዲተክለው ታዟል፤ ፍሬውን ማን ሊበላው? የሰሜኖቹ ዕጣ ዕውርና ምሕረት የለሽ ነው፤ የእኛ ግን የዐዋቂው አዛኙ ጌታ ውሳኔ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሆኖም ውጤቱን ሳይሆን ግዴታውን አይቶ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል ሁለቱም ወገን ያውቃል። ጌሙ የጣለው ይህን ሰው ነው።

«ተረት አይደል፣ ቢለወጥስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ንጹሕ ምንጭ የለም። ተረቶቹን በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አይስላንዳዊ ስኖሪ ስቱርሉሶን አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኖረ ክርስቲያን ነበር፤ አማልክቱ ከትሮይ የመጡ ሰዎች ነበሩ ሲል ጽፏል። የዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ»ም በ2020 አማልክቱን ከሰው በፊት የነበረ የጠፋ ሥልጡን ዘር አድርጎ ሲያቀርብ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። መለወጡ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ከመፍረድ በፊት መስማት አለ ወይ ነው።

በ309 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ921) ከኸሊፋ አል-ሙቅተዲር ተልኮ ከባግዳድ ወደ ቮልጋ የተጓዘውን አሕመድ ኢብን ፈድላንን እናስታውስ። በዚያ ያገኛቸው ሩስ የተባሉት ሕዝቦች የስካንዲኔቪያ ዝርያ እንዳላቸው ብዙ የታሪክ ምሁራን ይስማማሉ። አለቃቸው ከመርከቡ ጋር ሲቃጠል በዓይኑ አየ። ንጽሕና የላቸውም ብሎ በግልጽ ተጸይፏቸዋል፤ እምነታቸውንም አልተቀበለም። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ «እናንተ ዐረቦች የምትወዱትን ሰው ለትል የምትሰጡ ሞኞች ናችሁ፤ እኛ አቃጥለን ወዲያው ጀነት እናስገባዋለን» በሚል ሐሳብ በወገኖቹ ላይ ሲያላግጥ፣ ኢብን ፈድላን ያንንም ሳይቀንስ መዘገበው። ኦዲንን ለፈጠሩት ሰዎች የጌሙ ደራሲዎች ይህን ያህል አልተጠነቀቁም።

በጌሙ ፍጻሜ አስጋርድ የተባለው የአማልክቱ ከተማ ይወድማል፤ ይሞታል የተባለው ክራቶስ በሕይወት ይተርፋል። በጥንቱ ግጥም ግን ከጥፋቱ በኋላ ምድር እንደገና ለምልማ ከባሕር ትወጣለች። የተረፉት አማልክት ከጦርነቱ በፊት ይጫወቱባቸው የነበሩትን የወርቅ ጠጠሮች ከሣሩ ውስጥ ያገኟቸዋል። ባልደርም ይመለሳል፤ ተቀጽላዋን ሳያውቅ ከወረወረበት ዕውር ወንድሙ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል።