ቆርቆሮ መቺው

አንድ ገበሬ ጅረት ዳር ማሽላ ዘራ። ማሽላው ሲያሸት ወፍ በዛበት። ማማ ላይ የሚያወጣው ልጅ ስላልነበረው የውኃ መዘውር ሠርቶ ጅረቱ ላይ ተከለ። ውኃው መዘውሩን ሲያዞር ከእሱ ጋር የተያያዘ መዶሻ ቆርቆሮ ይመታል። ወፉ ሸሸ። መንደርተኛውም «እንቅልፍ የማያውቅ ጠባቂ» እያለ አደነቀ።

አንድ ሌሊት ከላይ ዝናብ ጥሎ ጅረቱ ሞላ። ቆርቆሮው ያለማቋረጥ ሲጮህ የጎረቤቱ ላም በርግጋ ገደል ገባች። ጎረቤትየው ገበሬውን ሽማግሌ ፊት አቆመው። ገበሬው «እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ የመታው መዘውሩ ራሱ ነው» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ማሽላው ቢጠፋ ጠባቂህ ይርበዋል?»

«አይርበውም፣ አባቴ።»

«ውኃው ሲበዛ፣ ይብቃኝ ብሎ መተው ይችል ነበር?»

«አይችልም።»

«የዳነው እህል የማን ጎተራ ይገባል?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ላሚቱንም አንተ ክፈል።»

ገበሬው ከፈለ።

ከተረቱ ወደ እውነተኛ ማሽኖች ስንመጣ፣ የአንጎል ተመራማሪው ግሬይ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ውስጥ ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ ኤሊ መሳይ ሮቦቶች ሠሩ። ብርሃን ይከተሉ፣ እንቅፋት ሲነካቸው ይዞሩ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ወደ መሙያቸው ይመለሱ ነበር። ላያቸው ሰው የራሳቸው ፍላጎት ያላቸው ይመስሉ ነበር። ባትሪያቸው ቢያልቅ ግን ይቆማሉ እንጂ አይሞቱም። ባክቴሪያ እንኳ ምግብ ካጣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ስኳር የሚዋኘው ለራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቱ ኦፕንኤአይ አንድን ፕሮግራም በጀልባ ውድድር ጨዋታ ነጥብ እንዲሰበስብ አሠለጠነው። ፕሮግራሙ ውድድሩን ትቶ፣ አንድ ቦታ እየዞረ፣ እየተጋጨና በእሳት እየነደደ ነጥብ ለቀመ። ከሰው ተጫዋቾችም በአማካይ 20 በመቶ ገደማ በለጠ። ጀልባው መንደዱ ለፕሮግራሙ ምንም አልነበረም። ነጥቡን ግብ ያደረጉለት ሰዎች ናቸው።

መንቀሳቀስና ብልጠት ብቻቸውን አንድን ነገር የራሱ ፈቃድ ያለው አያደርጉትም። ድርጊት የራስ የሚሆነው መዘዙ አድራጊውን ሲነካው ነው። ሰው ሠራሽ ሕይወትን የሚያጠኑ ሰዎች ራሱን የሚያኖር፣ ለመኖሩ ሲል የሚመርጥ ነገር አንድ ቀን ቢሠሩ ጥያቄው እንደገና ይከፈታል። እስከዚያው ግን ፕሮግራም ብድር ሲከለክል ወይም ሰው ከሥራ ሲያስወጣ «ማሽኑ ነው የወሰነው» የሚለውን መልስ አንቀበል። ግቡን ያወጣውንና ጥቅሙን የሚሰበስበውን ሰው በስሙ ጠርተን እንጠይቅ።