የሐኪም ጆሮ ስንት ያወጣል?

ለሐኪም አገልግሎት ዋጋ ሲተመን የሚለካው ምኑ ነው? መርፌ የጨበጠው እጁ ነው ወይስ የታማሚውን ቃል የሰማው ጆሮው? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ በተዘረጋው የዋልካ ምድር ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት በግራር ሥር ያድራል። በዚያም የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ያገኘዋል። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ጣፊያው የሚያብጠውና ሰውነቱ የሚከሳው ቀስ በቀስ ነው። ሳይታከም ከቀረ የሚተርፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው ወራት ቆይቶ፣ ወጣቱ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም «ዘንድሮ የት ሠራህ? ሌሊቱንስ የት ታድር ነበር?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ሊሸኘው ይችላል።

በአሜሪካ የሐርቫርዱ ምሁር ዊሊያም ሺያውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት የሐኪምን ሥራ በጊዜ፣ በአእምሮ ድካም፣ በሙያ ችሎታና በጭንቀት ለኩ። ከድካሙ አንጻር ሲታይ ለቀዶ ሕክምና የሚከፈለው ለመመርመርና ለማማከር ከሚከፈለው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን በዚሁ ልኬት መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ለካላዛር ቀድሞ 30 ቀን ይወሰድ የነበረው መርፌ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሚመከረው የሁለት መድኃኒት ጥምረት 17 ቀን ሆኗል። መርፌው በደረሰኝ ላይ ይቆጠራል፤ ወደ መርፌው ያደረሰው ጥያቄ ግን አይቆጠርም።

«ሕክምና ቅዱስ ሙያ ነውና ዋጋ አይወጣለትም» የሚሉ አሉ። ውዳሴው መልካም ቢመስልም ጉዳት አለው። የማይከፈልበት ሥራ ወረፋ ሲረዝም ቀድሞ ይጣላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ተፈናቃይ በጎረፈባት ገዳሪፍም ወረፋው አጭር አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በሽታውን የሚናገር ሰሚ ቢያጣስ?

ይሁንና ተገቢ ተመን ብቻውን አይበቃም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ቤተሰብን በቀበሌው ይመዘግባል፤ ውሉም ድንበር አይሻገርም። ገዳሪፍ ላይ ለታመመው ሠራተኛ ማን ይከፍላል? ተመን የሐኪሙን ድካም ይለካል እንጂ የታማሚውን ሰውነት አይለካም። ስለዚህ ዕዳው ሁለት ነው፤ ለሰማው ሐኪም የድካሙን መክፈል፣ ከፋይ የሌለውም ሰው እንዲሰማ ማድረግ። አንዱን ከፍለን ሌላውን ከተውን ፍትሕ ጎዶሎ ነው።