ለሚቀጥለው ፈቺ

አንድ ብሎን የሚያስር ሰው፣ ነገ መጥቶ ለሚፈታው ለማያውቀው ሰው ዕዳ አለበት? ጥያቄው የፈላስፋ ይምሰል እንጂ የጋራዥ ነው። አሮጌ መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ መካኒክ ጧት ማታ ይጋፈጠዋል።

አብዛኞቻችን ካቻቢቴ ሁለት ዓይነት ነው ብለን ነው ያደግነው፤ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል። በቃ። ዳሩ ግን ባለ መስቀሉ ራሱ ብዙ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1936 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ በስሙ የሚጠራው አለ። እንግሊዞች ከ1960ዎቹ ወዲህ የለመዱት ፖዚድራይቭ አለ፤ በመስቀሉ ክንዶች መሀል ቀጫጭን ጭረት ስላለው ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይመስላል። የጃፓኖቹም አለ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለችው። ያቺን ነጥብ ልብ ያላለ ሰው «ፊሊፕስ ነው» ብሎ ይምላል።

እንግዲህ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚያደርሰውን የደጋ መንገድ አስቡት። እንዲህ ባለ አገር የሚሠራ መካኒክ ዛሬ የእንግሊዝ ላንድሮቨር፣ ነገ የጃፓን ላንድክሩዘር ይመጣበታል፤ በእጁ ያለው ግን አንድ የፊሊፕስ ካቻቢቴ ነው እንበል። በእንግሊዙ ላይ በደንብ አይገጥምም። በጃፓኑ ላይ ደግሞ ታች ሳይደርስ እየተንሸራተተ ይወጣል። ዝገት ሲጨመርበት የብሎኑ ራስ ይበላል። ከዚያ መሮና መዶሻ ይመጣል፤ ሲብስም ብየዳ።

መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሒሳቡን የሚከፍለው ከዐሥር ዓመት በኋላ ያንን በር የሚከፍተው ሰው ነው።

«መሣሪያ የሌለው ምን ያድርግ? መንገደኛው እየጠበቀ፣ ብርዱ እየመጣ!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መሣሪያ ማጣት ጥፋት አይደለም። ለእኔ ጥፋቱ የሚጀምረው ካቻቢቴው አንዴ ካንሸራተተ በኋላ ነው። ያኔ ብሎኑ «እኔ ያ የመሰልኩህ አይደለሁም» ብሎ ነግሮታል፤ እሱ ግን ጉልበት ይጨምራል። የባሰ ቢመጣ እንኳ፣ ራሱ ወጣ ያለ ብሎን ከሆነ በሰጌቶ አንድ መስመር አውጥቶለት በጠፍጣፋው መፍታት ይቻላል። ይሄም ማቁሰል ነው፤ ግን ለሚቀጥለው ሰው መግቢያ ይተዋል። ብየዳ ምንም አይተውም።

በነገራችን ላይ ብሎን ምስክርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተሠራ መኪና ላይ የፊሊፕስ ብሎን ካያችሁ፣ ከእናንተ በፊት ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው። የአሮጌ መኪና ወዳጆች በዚህ ይጣላሉ፤ ያ ብሎን ይውጣ ወይስ ይቆይ? እኔ በደንብ እስከተፈታና እስከታሰረ ድረስ ይቆይ ባይ ነኝ። እሱም የመኪናው ታሪክ ነው።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ደስ አይለኝም። ዝገቱ ላይ ዘይት አንጠባጥቦ፣ ነጥቧን ፈልጎ፣ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቀውን ሰው «ምነው ፈዘዝክ!» የምንለው እኛው ባለመኪኖቹ ነን። ለዚያች ግማሽ ሰዓት የከፈለ ሰው እስካሁን አላየሁም።